እርጥቡን ወደ ላይ አውጡት

ምስጋና ሁሉ ከሰማይ ዝናብ አውርዶ ከምድር እህል ላበቀለው፣ መልካሙን ሲሳይ ለባሮቹ ሐላል ላደረገው ለአላህ የተገባ ነው። እናመሰግነዋለን፤ እርዳታውን እንለምነዋለን፤ ከነፍሳችን ክፋትና ከሥራችን ብልሹነት በእርሱ እንጠበቃለን። ከአላህ በቀር በእውነት የሚመለክ እንደሌለ እመሰክራለሁ፤ ሙሐመድም ባሪያውና መልእክተኛው መሆናቸውን እመሰክራለሁ። የአላህ ሰላትና ሰላም በእርሳቸው፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሰሓባዎቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን። አማ በዕድ፦

የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። ተቅዋችን ከዚህ መስጊድ ወጥተን ሱቃችንን ስንከፍት፣ ሚዛን ስናነሳ፣ ወፍጮ ቤት በር ላይ ጆንያ ስናወርድ ይፈተናል። የዛሬው ኹጥባችን በዚያ ፈተና ላይ ነው፤ ሰው በሚበላው ነገር ላይ ስለሚሠራ ማታለል።

ኢማሙ ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ይዘው ያወሩት ሐዲስ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አገኙ። እጃቸውን ወደ ክምሩ ውስጥ ሲያስገቡ ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ይህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ሰውየው ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ወደ ላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው እንዳልሆነ አስጠነቀቁት።

ይህን ሐዲስ ብዙዎቻችን የምናውቀው በመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። ዛሬ ግን መሐሉ ላይ ቆም እንበል። ያ ሰው በእህሉ ላይ ውሃ አላፈሰሰም። የመታው ዝናብ ነው፤ ዝናብ ደግሞ በሰው እጅ አይደለም። ኪሳራ ደርሶበታል፤ ሊታዘንለት የሚገባ ሰው ነው። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነበር፦ የደረሰበትን ኪሳራ አፉን ዘግቶ ወደ ገዢው አሻገረው። እንግዲህ ዝናብ የመታውን የሸፈነ ሰው ይህን ያህል ከተወቀሰ፣ ጆግ አንስቶ በገዛ እጁ ውሃ የሚረጨው ምን ሊባል ነው?

ጀመዓ! ውሃ መርጨት ያልኩት ለምሳሌ ያህል አይደለም። ከቡሬ፣ ከሽንዲ፣ ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ የሚመጣው በርበሬ የጎጃም ኩራት ነው። ገበሬው በፀሐይ አድርቆ፣ ለቅሞ ያወጣዋል። ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ግን ውሃ የሚረጭበት አለ። በርበሬ በኪሎ ይሸጣል፤ ውሃም ይመዝናል። በዚህ የሚሰረቀው ገንዘብ ብቻ አይደለም። እርጥብ ዛላ በጆንያ ታጭቆ ሲከርም ይሻግታል፤ ከሻጋታዎቹ አንዳንዶቹም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። በርበሬው ተደልዞ፣ ቅመም ገብቶበት፣ ተፈጭቶ ወጥ ውስጥ ሲንተከተክ መርዙ ተቃጥሎ አይጠፋም። ሁለት ኪሎ ውሃ የሸጠው ሰው ዋጋውን ኪሱ ከቶ ሄዷል፤ በሽታው ግን ሌላ ቤት ገብቶ ተቀምጧል።

አታላይ እንደመጣለት አይቀላቅልም። በመጀመሪያ ገዢው ምን አይቶ እንደሚያምን ያጠናል፤ ከዚያ ያንኑ ምልክት ሠርቶ ያቀርብለታል። በርበሬን በቅላቱ እንመርጣለን፤ እርሱ የሸክላ ዱቄት፣ ቀይ አፈር ወይም ቀለም ይጨምርበታል። ቅቤን በሽታውና በወዙ እንመርጣለን፤ እርሱ ሙዝ ወይም የአትክልት ቅቤ መሐል ላይ አድርጎ ለጋውን ከላይ ይለብጠዋል። ማርን በውፍረቱ እንመርጣለን፤ እርሱ ስኳር አፍልቶ ያወፍረዋል። ሽሮን በዋጋው እናወዳድራለን፤ እርሱ ከሽምብራና ከአተር የሚረክሰውን ጓያ ይፈጭበታል፤ ጓያ ያዘወተረ ሰው እግሩ እንደሚያዝ ደግሞ የደጋ ገበሬ ከሐኪም በፊት የሚያውቀው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግመልና በግ ግታቸው ሞልቶ እንዲታይ ሳይታለቡ ቆይተው እንዳይሸጡ ከልክለዋል። የተከለከለው እንስሳውን መሸጥ አይደለም፤ የግቱን ምልክት ማስዋሸት ነው።

የጽሑፍ ምልክትም አለ። ደጋው አዮዲን ያንሰዋል፤ እንቅርት የያዛቸውን እናቶች አይተን ነው ያደግነው። ስለዚህም መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አዘዘ። አዮዲን ያልገባበትን ጨው አዮዲን አለው ብሎ ጽፎ የሚሸጥ ሰው ለደጋ እናት ምን እያደረገላት ነው? በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው።

መሣሪያም ይታለላል። በ2008 እ.ኤ.አ. በቻይና ወተትን በውሃ አቅጥነው የሚያስረክቡ ሰዎች ነበሩ። የወተቱ ፕሮቲን የሚለካው በውስጡ ባለው ናይትሮጅን መጠን ነበርና፣ ናይትሮጅን የበዛበትን ሜላሚን የተባለ ኬሚካል ጨመሩበት። ሜላሚን የፕላስቲክ ሳሕን የሚሠራበት ነገር ነው። ልኬቱ አለፈ፤ ወተቱም ለሕፃናት ዱቄት ሆነ። 6 ሕፃናት ሞቱ፤ ወደ 300,000 የሚጠጉት ታመሙ፤ ብዙዎቹ የኩላሊት ጠጠር ይዟቸው ነበር። ፍርድ ቤቱም በድርጊቱ ከተያዙት መካከል በሁለቱ ላይ የሞት ቅጣት ፈረደ፤ ተፈጸመም። ልጆቹ ግን አልተመለሱም።

ከዚህ ሁሉ ወደ ሐዲሱ ይበልጥ የሚቀርበው የባንግላዴሽ እርድ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያች አገር ታላቅ ጎርፍ እርዱን መታው፤ እርጥበቱ ቀለሙን አደበዘዘው። ደብዛዛ እርድ የሚገዛ ጠፋ። እንደ ሐዲሱ ባለ እህል የእነዚህም ሰዎች ኪሳራ ከሰማይ የወረደ ነበር። ደብዛዛውን ደብዛዛ ነው ብሎ በርካሽ መሸጥ ይቻል ነበር። እነርሱ ግን ሊድ ክሮሜት የተባለ ደማቅ ቢጫ ቀለም አገኙ። ቀለሙ ውስጥ ያለው እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ብረት ነው። ጎርፉ ጎደለ፤ መሬቱ ደረቀ፤ እርዱም ዳግም አማረ፤ ቀለም መጨመሩ ግን ከ30 ዓመት በላይ ቀጠለ። ገዢው ከቀለሙ ድምቀት ጋር ተላምዶ ነበርና፣ ንጹሑ እርድ ከተቀባው ጎን ሲቀመጥ ደብዛዛ መሰለው። አንዴ የተሸፈነ እርጥብ እንዲህ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! መቀላቀል ሁሉ ሐራም ነው እያልኩ አይደለም። ጤፍ ሲወደድ ከሩዝ፣ ከማሽላ ወይም ከገብስ ጋር ተደባልቆ የሚጋገር እንጀራ አለ፤ ብዙ ቤት የኖረው በእርሱ ነው። ሰርገኛ ጤፍን ሰርገኛ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ሪዝቁ ሐላል ነው። ያንኑ ከማኛ ጋር ቀላቅሎ በማኛ ዋጋ የሚሸጥ ግን ሌላ ነው። ወንጀሉ መደባለቁ ሳይሆን መደበቁ ነው። ጀሶና ሰጋቱራ ግን እህል አይደሉምና ቢገለጡም ለሰው ሆድ አይፈቀዱም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ እንጀራ ውስጥ እነዚህ ተገኙ የሚለው ዜና አገሩን ሁሉ ያስደነገጠው ለዚህ ነው።

ሸሪዓችን ገዢውን ሜዳ ላይ አልተወውም። ቡኻሪና ሙስሊም ባወሩት ሐዲስ፣ ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ጉድለቱን ከገለጡ ንግዳቸው እንደሚባረክ፣ ከዋሹና ከደበቁ ግን የንግዳቸው በረካ እንደሚጠፋ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። ጉድለት ተደብቆበት የገዛ ሰው ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን የመቀበል መብት እንዳለውም የፊቅህ ሊቃውንት ደንግገዋል። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይህን ሐቅ አይሰርዝም።

ነፍስ ግን ሰበብ አታጣም። አንዱ፣ ዋጋ ንሯል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ቤት ኪራይ አለብኝ፣ ሳልቀላቅል ልኖር አልችልም ይላል። ችግሩ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ያንተን ኑሮ ያስወደደው መንገድ የገዢህንም ኑሮ አስወድዷል። ደግሞስ የተቀላቀለውን የሚበላው ማን ነው? ያለው ሰው ዛላውን ገዝቶ፣ አስለቅሞ፣ አስፈጭቶ የዓመት ያስቀምጣል። የተፈጨውን በትንሽ ፌስታል የሚገዛው የቀን ሠራተኛው፣ ተከራይቶ የሚማረው ተማሪ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው እናት ናት። ማታለሉ የሚደርሰው እጁ ወደ ክምሩ ውስጥ ሊገባ ለማይችለው ሰው ነው።

ሌላው፣ ገዢው የኔ ወገን አይደለም የሚል አለ። ይህ የሸይጧን ሹክሹክታ ነው። በሌላው ወገን ላይ ያደረግነው አይጠየቅብንም የሚሉ ሰዎችን አላህ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን አውቀው በእርሱ ላይ የሚዋሹ ብሏቸዋል። እኛ ጎጃም ውስጥ የምንኖረው ከክርስቲያን ወንድሞቻችን ጋር ነው፤ ከሱቃችን የሚገዙትም፣ ጤፍና ቅቤ የሚሸጡልንም እነርሱ ናቸው። ለፍስክም ሆነ ለኢድ የሚገዛው ቅቤ አንድ ዓይነት አማና አለበት።

እዚሁ ቅርባችን የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ የገነነ ነበር። ከአባይ ማዶ፣ ከጉድሩና ከእናርያ፣ ሙስሊም ነጋዴዎች ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ይዘው ይሻገሩበት ነበር። የዚያ ንግድ ታሪክ ሁሉ የሚያኮራ አይደለም፤ ሰውም እንደ ዕቃ ተሽጦበታል። በቀንድ ታጭቆ የሚሸጠውን ዝባድ በቅቤ የሚያበዙም ነበሩ። ከአያቶቻችን የወረስነው ሁለቱንም ነው፦ ቃሉ የሚታመን ነጋዴንም፣ ቀንዱን በቅቤ የሚሞላውንም። የትኛውን ለልጆቻችን እንደምናወርስ የምንመርጠው እኛ ነን።

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የሚያወሱት ነገር አለ። በሌሊት መዲናን ሲዞሩ አንዲት እናት ልጇን ወተቱን በውሃ እንድታበዛው ስታዛት ሰሙ። ልጅቷ ኸሊፋው መከልከላቸውን አስታወሰቻት። እናቲቱ ዑመር በዚህ ሰዓት የት ያዩናል አለች። ልጅቷም ዑመር ባያዩ የዑመር ጌታ እንደሚያይ መለሰችላት። ዑመር ያችን ልጅ ለልጃቸው ለዓሲም አጋቧት፤ ከዘሯም ፍትሐዊው ኸሊፋ ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ ተወለዱ። አስተውሉ! ኸሊፋው ሕግ አውጥተዋል፤ በሌሊትም ይቆጣጠራሉ። ሆኖም ያችን ሌሊት ወተቱን ያዳነው ከግድግዳው ወዲያ የነበረ ልብ ነው። ሕግ እስከ በሩ ይደርሳል፤ ከበሩ ወዲያ ያለው የተቅዋ ድርሻ ነው።

ይህን ተናግሬ ለራሴም፣ ለእናንተም፣ ለሙስሊሞች ሁሉ ከአላህ ምሕረትን እለምናለሁ፤ እናንተም ምሕረቱን ለምኑት፤ እርሱ መሓሪና አዛኝ ነውና።

ሁለተኛው ኹጥባ

ምስጋና ለአላህ፤ ሰላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይሁን። የአላህ ባሮች ሆይ! አላህን ፍሩ።

አሁን እያንዳንዳችን ድርሻችንን እንያዝ። ነጋዴ የሆንህ ወንድሜ! ዝናብ የነካውን ዝናብ የነካው፣ የከረመውን የከረመ ብለህ ለይተህ አስቀምጥ፤ ዋጋውን ቀንስለት፤ ገዢህ አውቆ ይግዛ። ከጅምላ ስትረከብ ከጆንያው አፍ ብቻ አትይ፤ ከመሐሉና ከሥሩ ዝገን። አልቀላቀልኩም፣ እንደመጣልኝ ሸጥኩ ማለት አውቆ ለተቀበለ ሰው ማምለጫ አይሆንም። ባለ ወፍጮ ቤት የሆንህ! ከበርበሬ ጋር ሸክላ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ አንተ ምስክር ብቻ አይደለህም፤ ድንጋይህ የፈጨው ነገር ነው። ደላላውም ሚዛን ያዡም እንዲሁ።

ገዢ የሆንን ደግሞ ምልክት አምላኪ አንሁን። ከሁሉ የቀላው፣ ከሁሉ የደመቀው፣ ከሁሉ የረከሰው እያልን ስናሳድድ አታላይን የምንቀጥረው እኛው ነን። የቻለ ዛላውን ገዝቶ ያስፈጭ፤ ያልቻለ ጎረቤት ከጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ አንድ ላይ ያስፈጭ። በቤት የሚደረጉ ሙከራዎች ይጠቅማሉ፤ ግን ልካቸውን እንወቅ። ሸክላ የገባበት በርበሬ ውሃ ውስጥ ሲበተን ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል። ማርን በክብሪት፣ በውሃ ጠብታ መፈተን ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ማሩን ቆርጦ የሚያወጣውን ገበሬ ማወቅ ከክብሪቱ ይሻላል።

ያየነውን ጥፋት ለሚመለከተው ማሳወቅ ሐሜት አይደለም፤ ከመጥፎ መከልከል ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የተበረዘ ምግብ ማምረትንና መሸጥን ይከለክላል። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነጻ መስመር ጥቆማ ይቀበላል፤ የጤናና የንግድ ጽሕፈት ቤቶችም በየከተማው አሉ። ነገር ግን አላህ ወሬ ሲመጣ አረጋግጡ ብሎ አዞናል። ያላየኸውን አየሁ ብለህ፣ እንጀራ ጋግራ ልጆቿን የምታሳድግ ንጹሕ ሴት ላይ ስም አትለጥፍ። በሐሰት ወሬ ገበያዋን የዘጋ ሰው ከአታላዩ የሚለየው በመሣሪያው ብቻ ነው።

ከቁጥጥር ምንም አይመጣም ብለንም ተስፋ አንቁረጥ። የባንግላዴሹን እርድ ያነሳሁት ለዚህም ነው። ከ30 ዓመት በላይ የቆየው ልማድ በጥናት ሲጋለጥ መንግሥት ተነሳ፤ በትልቁ የጅምላ ገበያ ነጋዴዎችን መርምሮ ቀጣ፤ ሕዝቡንም አስጠነቀቀ። በ2019 እ.ኤ.አ. ከገበያ ከተወሰዱት የእርድ ናሙናዎች በ47 በመቶው እርሳስ ተገኝቶ ነበር፤ በ2021 በአንዱም አልተገኘም። ሁለት ዓመት! እርዱም ወደ ተፈጥሮ ቀለሙ ተመለሰ፤ ገዢውም ተላመደው።

ከመካከላችን በዚህ ነገር እጁን ያስገባ ካለ የተውበት በር ክፍት ነው። ግን ይህ ተውበት በምላስ ብቻ አይሞላም፤ የሰው ሐቅ አለበትና። ሥራውን ዛሬ አቁም፤ ተጸጸት፤ ላትመለስበት ቁረጥ፤ የበደልከውን የምታውቀው ከሆነ ገንዘቡን መልስለት፤ የማታውቃቸው ብዙ ገዢዎች ከሆኑ ያን ያህል በስማቸው ሰደቃ አውጣ። ዛሬ በብር የምትከፍለው፣ ነገ በሰላትህና በጾምህ ምንዳ ከምትከፍለው ይቀላል። በቂያማ ቀን ብዙ ዒባዳ ይዞ መጥቶ፣ ባለሐቆች ተካፍለውት ባዶ እጁን የሚቀረውን ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እውነተኛው የከሰረ ሰው እርሱ እንደሆነ ነግረውናልና።

አላህ ሆይ! ሐላልህን አብቃቅተህ ከሐራም ጠብቀን። በገበያችን ላይ በረካ አውርድ፤ ሚዛናችንን አስተካክልልን፤ ልጆቻችንን ከተበከለ ምግብ ጠብቅልን። አላህ ሆይ! ለታመሙት ፈውስ ስጥ፤ ለሞቱት ማር። በጎጃምና በመላ አገራችን ሰላምን አውርድ፤ መንገዶቻችንን ክፈት፤ ለገበሬው ዝናቡን በወቅቱ፣ ፀሐዩንም በወቅቱ ስጠው። አላህ ሆይ! ኪሳራ በደረሰብን ቀን ኪሳራችንን በሌላ ሰው ማዕድ ላይ እንዳንደፋው ልብ ስጠን። አሚን።

የአላህ ባሮች ሆይ! አላህ በፍትሕና በበጎ ሥራ ያዛል፤ ከመጥፎና ከበደልም ይከለክላል። እርሱን አስታውሱ፤ ያስታውሳችኋል። አቂሙ ሰላት።